ሴልስ ታክሱ አገር አቀፍ ቢሆን የሶሻል ሴኩሪቲ ጭማሪያችን ምን ይሆናል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንድ ሰውዬ አስደነገጠን። «ኢንከም ታክስ (የገቢ ግብሩ) ሊቀር ነው፤ በምትኩ በሁሉም ነገር ላይ 23 ፐርሰንት ሴልስ ታክስ (ሲገዙ የሚከፈል ግብር) ይመጣል፤ ጡረተኛ አለቀለት» አለ። ሌላው ደግሞ «ምንም አትሆኑም፣ ጭማሪያችሁ አብሮ ይወጣል» ብሎ ተከራከረው። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ስኒው ቀዘቀዘ፣ እኔም ግራ እንደገባኝ ቤቴ ገባሁ።

68 ዓመቴ ነው። ጡረታ የወጣሁት ከሆቴል ጽዳት ሥራ ነው። ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከመንግሥት ጡረታው ማለቴ ነው፣ በወር 1,600 ዶላር ገደማ አገኛለሁ። ከዩኒየኑም (ከሠራተኛ ማኅበሩ) ትንሽ ጡረታ አለችኝ፤ እሷ ከጀመረች ወዲህ አንድ ሳንቲም ጨምራ አታውቅም። የምኖረው በኪራይ ነው። ለ2026 2.8 ፐርሰንት ተጨመረላችሁ አሉን። ለእኔ 45 ዶላር መሆኑ ነው። በየወሩ ለሜዲኬር፣ ለአረጋውያን የጤና መድኅን፣ የሚቆረጠው ደግሞ ከ185 ወደ 202.90 ወጣ፤ ከ45ቷ ላይ 18ቱን እሱ በላት። እንዲህ ባለ ጭማሪ ላይ 23 ፐርሰንት ታክስ ቢመጣ እንዴት ነው የምንኖረው? የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ያስረዳኝ።

ቁጥር_አይዋሽም፦

እትዬ፣ አይደንግጡ። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክስ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብኛል።

ሰውየው የሚያወራው ፌርታክስ ስለሚባለው ረቂቅ ሕግ ነው። አዲስ ነገር አይደለም። መጀመሪያ በ1999 የጆርጂያው ጆን ሊንደር አቀረቡት። ከዚያ ወዲህ በየኮንግረሱ ይነሣል። አሁን ይዘውት ያሉት ባዲ ካርተርም የጆርጂያ ተወካይ ናቸው። በምክር ቤቱ ሙሉ ጉባኤ አንድም ቀን ድምፅ ተሰጥቶበት አያውቅም። ስለዚህ ነገ ይመጣል ብለው እንቅልፍ አይጡ።

ይዘቱ ይሄ ነው። ኢንከም ታክስ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ፣ የውርስና የስጦታ ታክስ ይቀራሉ። ግብር ሰብሳቢው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስም ይዘጋል። በምትኩ አዲስ ዕቃና አገልግሎት ላይ ታክስ ይመጣል። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሐኪም፣ የቤት ኪራይም አይቀርለትም። ያገለገለ ዕቃ ነፃ ነው።

23 የምትለዋን ቁጥር ግን ልብ ይበሉልኝ። የምትሰላው ታክሱ ከገባበት ጠቅላላ ክፍያ ላይ ነው። የሜሪላንድን 6 ፐርሰንት በምናሰላበት መንገድ ካሰሏት 30 ነች። ዛሬ 100 ዶላር የተለጠፈበት ዕቃ ካሸር ጋ ሲደርስ 130 ይሆናል ማለት ነው። የስቴቱ ታክስ ደግሞ ከዚያ ላይ ነው።

አሁን የኑሮ ውድነት ታይቶ በየዓመቱ ቼኩ ላይ ወደሚደረገው ጭማሪ፣ ኮላ ወደምንለው እንምጣ። ኮላ የሚሰላው ሲ.ፒ.አይ ደብሊው በሚባል የዋጋ መለኪያ ነው። መለኪያው የሚመዘግበው ሸማቹ የሚከፍለውን ዋጋ ስለሆነ ሴልስ ታክስ ይገባበታል። ኢንከም ታክስ ግን አይገባበትም። ስለዚህ ኢንከም ታክስ ጠፍቶ ሴልስ ታክስ ቢተካ፣ መለኪያው የመጣውን ያያል፤ የሄደውን አያይም። ይህ ለሶሻል ሴኩሪቲ ተቀባይ ጥሩ ዜና ነው። ዋጋው 30 ከወጣ ቼኩም ይከተለዋል።

ረቂቁ ራሱ ይህን አስቦበታል። መለኪያው በሆነ ምክንያት ታክሱን ሳያካትት ቢቀር ኮላው በማባዣ ይስተካከል የሚል አንቀጽ አለው። ማባዣው 1 ሲደመር 0.23 ለ0.77 ተካፍሎ ነው፤ 1.2987 ይመጣል። ሁለተኛው ሰውዬ «ጭማሪያችሁ አብሮ ይወጣል» ያለው ይህን ይዞ መሆን አለበት።

ጋሽ_ካብ፦

ወንድሜ፣ ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል። እኔ 26 ዓመት ዲሲ ውስጥ ካብ (ታክሲ) ነድቻለሁ። ኮላ አብሮ ይወጣል ስትል አብሮ አይወጣም፣ ተከትሎ ነው የሚወጣው። 8.7 ፐርሰንት የሰጡን በ2023 ነው። ኑሮው እሳት የሆነው ግን በ2022 ነበር። ያን ዓመት በ5.9 ነው የከረምነው። በ2010፣ በ2011 እና በ2016 ደግሞ ዜሮ ተሰጥቶናል። ዜሮ! ጤፍ ግን በዜሮ ቆሞ አያውቅም።

ቁጥር_አይዋሽም፦

ጋሼ ትክክል ነዎት፤ ዋናው ቀዳዳ እሱ ነው። ኮላው የሚታየው በጁላይ፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር ዋጋ ነው። ገንዘቡ እጅ የሚገባው ጃንዋሪ ላይ ነው። እንበልና ታክሱ በጃንዋሪ 2027 ጀመረ። ዋጋው በዚያው ቀን ይዘልላል። ኮላው ግን በ2027 ክረምት ተለክቶ በጃንዋሪ 2028 ይከፈላል። አሥራ ሁለት ወር ክፍተት አለ።

በእትዬ ቼክ እንሞክረው። 1,600ዋን ሙሉ ለሙሉ ያወጧታል እንበል። ያው ዕቃና ኪራይ 2,078 ዶላር ይሆናል። 478 ጎደለ። እዚህ ላይ ረቂቁ ፕሪቤት የሚለው ነገር አለ፤ ለሁሉም ቤተሰብ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ ነው። የድህነት መስመሩን 23 ፐርሰንት ይሰጣል። በ2025 መስመሩ ለአንድ ሰው 15,650 ስለሆነ በወር 300 ዶላር ይደርሳል። እሱን ሲቀበሉ ጉድለቱ ወደ 178 ይወርዳል። በዓመት ከ2,100 በላይ ነው።

ኮላው ሲመጣ ቼኩ 2,078 ይሆናል። 300ዋ ግን አትቀርም። ስለዚህ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እትዬ ከዛሬው ይልቅ በ300 ይሻልዎታል። የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት ይወጡታል ነው ጥያቄው።

ዳላስ_ከባድ_መኪና፦

ሁላችሁም ዋጋ 30 ይጨምራል ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። ለምን? ዛሬ በዳቦው ዋጋ ውስጥ የጋጋሪው ኢንከም ታክስ አለ፣ ከሾፌሩ ደመወዝ የሚቆረጠው ፔይሮል ታክስ አለ፣ የድርጅቱ ታክስ አለ። እሱ ሁሉ ሲነሣ ዳቦው ይረክሳል፤ ከዚያ ላይ ሴልስ ታክሱ ሲጨመር ያው የድሮው ዋጋ ነው። የራሴ መኪና ስላለኝ 15.3 ፐርሰንት ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ እከፍላለሁ፤ ኢንከም ታክሱ ሌላ። ለምን ጡረተኛውን ታስፈራራላችሁ?

ቁጥር_አይዋሽም፦

ወንድሜ፣ ክርክርህ የቆየ ነው፤ ደጋፊዎቹ ሃያ ዓመት ተከራክረውበታል። ግን አንድ ነገር መርጠህ ንገረኝ። የጋጋሪው ደመወዝ 1,000 ዶላር ነው፤ ታክስ ተቆርጦ 800 ይዞ ቤቱ ይገባል። ታክሱ ሲቀር 1,000ዋን ሙሉ ይወስዳል ወይስ አሠሪው 800 ብቻ ይከፍለዋል? 1,000 ከወሰደ የዳቦው ወጪ አልቀነሰም፤ ዋጋው ይወጣል። 800 ከተከፈለው ዳቦው ሊረክስ ይችላል። ፌርታክስ ሲሰበክ ግን «ደመወዝህን ሙሉ ትወስዳለህ» እና «ዋጋ አይጨምርም» አንድ ላይ ይነገራሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የራስህን ሠራተኛ ደመወዝ በ20 ፐርሰንት ዝቅ ታደርጋለህ?

ዳላስ_ከባድ_መኪና፦

በአንድ ሌሊት አላደርግም፤ ያመልጠኛል። ግን ዋጋ ካልጨመረ ኮላ ዜሮ ሆነ፣ ጡረተኛውም አልተነካ። ዋጋ ከጨመረ ኮላ አለ። በሁለቱም በኩል ጡረተኛው ደህና ነው። እኔ የምለው ይህንኑ ነው።

ቁጥር_አይዋሽም፦

ለሶሻል ሴኩሪቲ ቼክ፣ ከዓመቷ ክፍተት በስተቀር፣ እስማማለሁ። ለቀረው ገንዘብ አልስማማም። የእትዬ የዩኒየን ጡረታ ኮላ የላትም። በእሷ መቶ ዶላር የሚገዛው ዛሬ በ77 ዶላር የሚገዛው ይሆናል። በዚያው ይቀራል እንጂ በዓመቱ አይመለስም። በሆቴል፣ በፓርኪንግ፣ በኤርፖርት የሠራ ወገናችን አብዛኛው በእጁ ያለው እንዲህ ያለ የማይጨምር ጡረታ ነው።

ሮዝ አይ.አር.ኤ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ያላችሁማ ይብሳል። ገንዘቡ ሲገባ ታክሱን ከፍላችኋል፤ ስታወጡት ነፃ ነው ተብላችሁ ነው ያስቀመጣችሁት። አውጥታችሁ ስትገዙበት እንደገና 23 ትከፍላላችሁ። በአሠሪ በኩል የሚጠራቀመው መደበኛው ፎር ኦ ዋን ኬ ይሻላል፤ ስታወጡት ይከፈል የነበረው ኢንከም ታክስ ይቀርላችኋል፣ ሴልስ ታክሱ ይተካዋል።

ከኢንከም ታክስ መቅረት የሚጠቀመውም ሁሉም ጡረተኛ አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ ታክስ መታሰብ የሚጀምረው ለብቻው ያለ ሰው ገቢው 25,000፣ ባልና ሚስት 32,000 ሲያልፍ ነው፤ በዚያ ስሌት የሶሻል ሴኩሪቲው ግማሹ ብቻ ይቆጠራል። እትዬ ከዚያ በታች ስለሆኑ ዛሬም አይከፍሉም። የማይከፍሉት ታክስ ቢቀርላቸው ምን ይጨምርላቸዋል? ሁለት ቤት ያለው፣ 85 ፐርሰንት ቤኔፊቱ ላይ ታክስ የሚከፍል ጡረተኛ ግን ደስ ይለዋል።

ሜልበርን_ነኝ፦

ከሩቅ ልግባ። እኛ ጋ ይህ ነገር በተግባር ታይቷል። አውስትራሊያ በዕቃና በአገልግሎት ላይ 10 ፐርሰንት ታክስ፣ ጂ.ኤስ.ቲ፣ የጀመረችው ጁላይ 1 ቀን 2000 ነው። ጡረታ በ4 ፐርሰንት የጨመረው በዚያችው ቀን ነው። ዓመት ጠብቁ አልተባለም። በኋላ መደበኛው ማስተካከያ ሲመጣ አስቀድመው ከሰጡት ከፊሉን አቻቻሉት። የዚያ ሩብ ዓመት የዋጋ ጭማሪ 3.7 ፐርሰንት ነበር። ዳቦ፣ ወተት፣ አትክልት፣ ሐኪም ነፃ ናቸው፤ በቤት ኪራይ ላይም ታክስ አይጨመርም። 10 ሲባል ሙሉ 10 ያልዘለለው ለዚህም ነው።

ጎረቤቶቻችን ኒውዚላንዶችም እንዲሁ። ኦክቶበር 1 ቀን 2010 ጂ.ኤስ.ቲውን ከ12.5 ወደ 15 ሲያወጡ ጡረታውን በዚያው ቀን በ2.02 ፐርሰንት ከፍ አደረጉ። እናንተ ጋ ያለው ረቂቅ 30 ፐርሰንት አምጥቶ ጡረተኛውን እስከ ቀጣዩ ጃንዋሪ መጠበቁ ይገርመኛል።

ጋሽ_ካብ፦

በሉ ሜልበርንም ነገሩን። እዚህ ጡረተኛ ጠብቅ መባል ለምዷል።

ስድሳ_ልሞላ_ነው፦

እኔ ገና ጡረታ አልወጣሁም፤ 59 ዓመቴ ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ እኔን አይነካም ማለት ነው?

ቁጥር_አይዋሽም፦

እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሚነካው አንተን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ኮላ የሚጀምርልህ 62 ከምትሞላበት ዓመት ጀምሮ ነው፤ ቼክ ባትጀምርም ይቆጠርልሃል። ከዚያ በፊት የሠራህበት ገቢ የሚስተካከለው በዋጋ አይደለም። በአገሪቱ አማካይ ደመወዝ ነው፤ የሚወሰደውም 60 የሞላህበት ዓመት አማካይ ነው።

አሁን ሁለቱን መንገዶች እያቸው። ዋጋ 30 ጨመረ፣ ደመወዝ ባለበት ቆመ እንበል። አንተ 60 ወይም 61 ነህ። አማካይ ደመወዙ አልጨመረም፤ ኮላም ገና አልጀመረልህም። የዋጋው ዝላይ በመሃል ያልፍሃል። ጎረቤትህ 63 ከሆነ ሙሉውን ያገኛል። አንተ ለዘላለሙ ከእሱ በታች ነህ። ሌላው የዳላሱ ወንድማችን መንገድ ነው፤ ዋጋ ባለበት ቆሞ ደመወዝ ወረደ እንበል። ጎረቤትህ አይነካም። ያንተ ቤኔፊት ግን የሚሰላው በወረደው አማካይ ደመወዝ ስለሆነ ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል አንተው ነህ የምትጎዳው።

ሕልም አይምሰልህ። በ2020 በኮቪድ ጊዜ አማካይ ደመወዝ ይወርዳል ተብሎ በ1960 የተወለዱ ሰዎች በጣም ተጨንቀው ነበር፤ 60 የሞሉት በዚያ ዓመት ነበርና። እንደ ዕድል ሆኖ አማካዩ አልወረደም። ረቂቁ ውስጥ ያለው ማባዣ ኮላውን ያስተካክላል እንጂ ይህን ቀዳዳ አይደፍንም።

ስድሳ_ልሞላ_ነው፦

ወይ ጉድ! ታዲያ 62 ስሞላ ቶሎ ልጀምረው?

ቁጥር_አይዋሽም፦

ቶሎ መጀመር ይህን አያስተካክልም። የሚቆጠረው የተወለድክበት ዓመት ነው። በ62 ከጀመርክ ቼክህ ሙሉ የጡረታ ዕድሜህን 67ን ሞልተህ ከምታገኘው በ30 ፐርሰንት ያንሳል። ድምፅ ላልተሰጠበት ረቂቅ ብለህ ይህን እንዳታደርግ።

ፖስታ_ቤት_ነበርኩ፦

የፌዴራል ጡረተኛ ነኝ፣ ፌርስ በሚባለው በአዲሱ የጡረታ ሥርዓት። የኛስ ኮላ?

ቁጥር_አይዋሽም፦

የናንተ ትንሽ ተሸርፋ ነው የምትመጣው። የዋጋ ጭማሪው ከ3 ካለፈ 1 ይቀንሱባችኋል፤ ከ2 እስከ 3 ከሆነ 2 ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለ2026 ሌላው 2.8 ሲያገኝ እናንተ 2.0 ያገኛችሁት። 30 ቢዘልል 29 ታገኛላችሁ። በድሮው የፌዴራል ጡረታ፣ በሲ.ኤስ.አር.ኤስ፣ ያሉት ግን ሙሉውን ያገኛሉ።

ቦሌ_ተመላሽ፦

እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ አዲስ አበባ ነኝ። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆንኩ ቼኬ ይመጣልኛል። የናንተን ስሌት ሳነብ ሳቄ መጣ። ኮላው 30 ፐርሰንት ከጨመረ ለእኔም ይጨምራል አይደል? እኔ ግን ዕቃ የምገዛው ከሾላ ገበያ ነው! የአሜሪካን ሴልስ ታክስ የት አግኝቼ እከፍለዋለሁ?

ቁጥር_አይዋሽም፦

ሎተሪ ወጣልዎት ማለት ነው ጋሼ። ኮላው የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ ባለው ዋጋ ነው፤ የት እንደሚኖሩ አይጠየቅም። ፕሪቤቷን ግን አያገኙም፤ እሷ አሜሪካ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ቤተሰብ ነች። 15 ፐርሰንቱን የአገር ቤት ቫትም መክፈልዎ አይቀርም።

ቦሌ_ተመላሽ፦

ቫቱን ተወው፣ ለምደነዋል። ከልብ የሚያሳዝኑት እዚህ በብር ጡረታ የሚያገኙት ናቸው። ሲሠሩ ከደመወዛቸውም ከአሠሪያቸውም ሲቆረጥ ኖሯል። ዋጋ ጨመረ ብሎ በራሱ የሚጨምር ኮላ ግን የላቸውም፤ መንግሥት ሲወስን ብቻ ነው። ከኔ ጋር ጠዋት ጠዋት የሚራመዱት ጡረታ የወጡ መምህር ኮላ ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው «እና ማንም ሳይለምን ይጨመራል?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ።

ሂዩስተን_12፦

ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ላይስ 23 ይቆረጣል?

ቁጥር_አይዋሽም፦

አይቆረጥም። ገንዘብ መላክ ዕቃ መግዛት አይደለም። አንተ የሰማኸው ምናልባት ሌላውን ሕግ ይሆናል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በካሽ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ወደ ውጭ ሲላክ 1 ፐርሰንት ይታሰባል። ያ የጸደቀ ሕግ ነው። ከባንክ አካውንትህ ወይም በአሜሪካ ዴቢት ካርድ ከላክህ አይመለከትህም።

አወያይ፦

የሐዋላውን ጥያቄ በሌላ ክር ክፈቱት፤ ይህ እዚህ ከቀጠለ የእትዬ ጥያቄ ይጠፋል። ስድብ ያለበትን አንድ መልስ አንስቻለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። አንድ ነገር ቀረኝ። ኪራዬ 1,150 ነው። የአረጋውያን ሕንፃ ስለሆነ ነው እንጂ ውጭ በዚህ አይገኝም። ኪራዩ ላይ ታክሱ በእርግጥ ይጨመራል? ከተጨመረስ ያ ኮላ ያካክሰዋል?

ቁጥር_አይዋሽም፦

በረቂቁ መሠረት ይጨመራል። 1,150ዋ 1,494 አካባቢ ትሆናለች። የራሱን ቤት ከፍሎ የጨረሰ ጡረተኛ ግን ለቤቱ ይህን አይከፍልም። ኮላው ደግሞ የሚሰላው በአገሪቱ አማካይ ነው፤ በውስጡ ባለቤቶችም ተከራዮችም አሉ። ዋጋ የሚለካው የመንግሥት ቢሮ የባለቤቶቹን መኖሪያ ታክስ ሳይጨምር ከለካው፣ መለኪያው ከ30 በታች ሊወጣ ይችላል። ያኔ ቤት ያለው ሰው ከከፈለው በላይ ያገኛል፤ እርስዎ ከከፈሉት በታች። የ300 ዶላሯ ፕሪቤት ያንን ልዩነት ትሸፍነዋለች ብዬ አስባለሁ፤ ግን ቅድም «ከዛሬው በ300 ይሻልዎታል» ያልኩት ቁጥር ለተከራይ ያንሳል።

ሜዲኬሩንም አይርሱት። ረቂቁ የሐኪም አገልግሎትን ስለሚቀርጥ የሜዲኬር ወጪ ይጨምራል። ፓርት ቢ የሚባለው፣ እርስዎ በየወሩ የሚቆረጥብዎት ክፍያ በሕግ ከወጪው ሩብ ገደማ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚወሰነው። 202.90ዋ ወደ 260 ብትጠጋ አይገርመኝም። እሷ ደግሞ የምትቆረጠው ቼኩ ባንክ ከመግባቱ በፊት ነው።

ጋሽ_ካብ፦

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ቼክ አለን። ያቺ 300 ለቤቱ አንድ ነች ወይስ ለየራሳችን?

ቁጥር_አይዋሽም፦

ለባልና ሚስት እጥፍ ነች ጋሼ፣ 600። በየዓመቱ ግን ሁለታችሁም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መመዝገብ አለባችሁ።

ጋሽ_ካብ፦

አይ.አር.ኤስ ይዘጋል ብለኸን አልነበር? ታዲያ ማን ጋ ነው የምንመዘገበው?

ቁጥር_አይዋሽም፦

ሴልስ ታክሱን የሚሰበስበው ስቴቱ ነው፤ ምዝገባውም እዚያው ነው። እርስዎ ሜሪላንድ ከሆኑ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ከሆኑ ቨርጂኒያ። ገንዘቡን የሚልከው ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ነው።